ከሚዛን በኋላ የምትወርደው እፍኝ

አዘዞ፣ የካቲት ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ውድ ሰጠኝ፣

እንደምን ከርመሃል? አስመራ ተስማምታሃለች ብለው ነገሩኝ። ደስ አላለኝም፤ ለምን ልዋሽህ? እኔ እዚያው እህል መጋዘን የጆንያ አፍ ስሰፋ ነው ያለሁት።

አንተ በመካኒክነት የያዝከው ያ ሚዛን የመጣ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ከላይ አንድ በር፣ ከታች አንድ በር፣ መሃል ላይ እህሉ የሚመዘንበት ቋት። ሁለቱን በሮች ረጅም ብረት ስላያያዛቸው፣ እጀታውን ስትስብ የላዩ ይዘጋል፣ የታቹ ይከፈታል፤ አንዲት ፍሬ አታመልጥም። የመጋዘኑ ጌታ አቶ ባዬ እንደ በኩር ልጅ ሲያዩት ይውሉ ነበር።

ገበያተኛው ግን እህሉ ወርዶ ካለቀም በኋላ ጆንያውን እንደ ዘረጋ ይቆማል። ውርጭ ገብሳቸውን የመታባቸው አያ የሻው፣ ከመካነ ብርሃን ድረስ ማሽላ ሊገዙ መጥተው፣

«ምነው ልጄ፣ ምርቃቱስ?» አሉህ።

«ሚዛኑ ልክ ነው አያ የሻው።»

«ልክነቱንማ አየሁት፣ ሸጋ ነው። ግን እፍኝ ሳይጣልበት እንዴት አድርጌ ቤቴ ላስገባው?»

በማግስቱ የላዩን በር ከብረቱ ጋር የሚያይዘውን ብሎን አላላኸው። ከዚያ ወዲያ እጀታውን ስትስብ የላዩ በር ትንሽ እየዘገየ፣ ያልተመዘነ እፍኝ ማሽላ ሾልኮ ጆንያው ውስጥ ይወርድ ጀመር። ሰዉ «እጅህ ይባረክ» እያለ ሄደ። የወደድኩህ ያን ጊዜ ነው። እንዳታውቅብኝ አቀርቅሬ ክሩን በጥርሴ እበጥስ ነበር።

አቶ ባዬ ሲደርሱበት በሰው ፊት «ሌባ!» አሉህ። አንዲት ፍሬ ወደ ቤትህ ሳትወስድ! አንተም ቱታህን እጀታው ላይ ሰቅለህ ወጣህ። በጭነት ማኪና መሄድህን የሰማሁት ከሰው ነው።

ሌላ መካኒክ መጥቶ ብሎኑን አጠበቀው። ገበያተኛውም ቁና ወደሚሰፍሩት ነጋዴዎች ዞረ፤ ቁናው ቢጎድልበት እንኳ እፍኟን ይጥሉለታላ። መጋዘኑ ጭር ሲል አቶ ባዬ ራሳቸው ቅል አምጥተው «ይመኙሽ፣ ምርቃቱን አንቺ ጨምሪ» አሉኝ። እጀታውን አሁን የሚስቡት እሳቸው ናቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ብታይ ትስቃለህ። ባለፈው ሰሞን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። ያን ልጅ ክፉ ተናገርኩት፤ ይቅር በለኝ ብዬሃለሁ፣ ተመለስ ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። ቃላቸውን አድርሻለሁ።

የራሴ ቃል ደግሞ ይኸውልህ። ቅሌን ባፈሰስኩ ቁጥር ሰዉ «የልብሽን ያድርስልሽ» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ትናንት አያ የሻው «ለመሆኑ የልብሽ ምንድን ነው ልጄ?» ቢሉኝ ጎንበስ ብዬ የጆንያቸውን አፍ መስፋት ጀመርኩ። ለሳቸው ያልነገርኩትን ላንተ ጻፍኩት። ቱታህን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ። አሜን ማለቱ ደክሞኛልና፣ ና።

ጆንያ ሰፊዋ፣
ይመኙሽ