ሦስተኛውን ብረት አትርገጥ

አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ሚያዝያ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተወደድህ ልጄ ለጥጋቡ ወልደ ገብርኤል
ለንደን

ልጄ ሆይ፤ ሞትን የረታው ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። ደብዳቤ ሲጀመር "እኛ ሁላችን ደህና ነን" ማለት ደንብ ነው። ዛሬ ግን ደንቡን ላፍርሰው፤ እኔም እናትህም ደህና አይደለንም። ከብቱ ደህና ነው፤ ጎተራውም አልጎደለም፤ እህትህ ዓለምጸሐይም ለወግ ለማዕረግ ደርሳለች። ያመመን ፍርሃት ነው። ለአንተ እንፈራለን፤ ከአንተ ዘንድ የሚመጣውንም ደብዳቤ እንፈራለን።

በጥቅምት የጻፍህልኝን ረጅሙን ደብዳቤ እስካሁን ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አላወጣሁትም። "አባባ፣ እርስዎ ካልገባዎት እኔም አልገባኝም ማለት ነው" ብለህ ሥራህን የዘረዘርህልኝን። የገባኝን ልድገምልህና ከተሳሳትሁ አርመኝ። ያ ባቡር እንጨትም ከሰልም አይበላም። ሁለቱ ሐዲዶች መንኮራኩሩ የሚሄድባቸው ናቸው። ከጎናቸው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እንደ ስኒ ባለ ነጭ ሸክላ ላይ የተቀመጠ ሦስተኛ ብረት አለ፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ ነው የሚመጣው። እናንተ ጫማ የምትሉት ብረት ከባቡሩ ጎን ወጥቶ እሱን እየታከከ ይሄዳል፤ ኃይሉን ለሞተሩ ያቀብላል፤ ሞተሩም መንኮራኩሩን ያዞራል። ኃይሉ ሥራውን ሲጨርስ በሁለቱ ሐዲዶች አድርጎ ወደ መጣበት ይመለሳል። መመለሻ ካላገኘ አይሄድም።

እስከዚህ ደህና ነው። ያስቸገረኝ የወፏ ነገር ነው። ወፍ በዚያ ብረት ላይ ብታርፍ ምንም አትሆንም አልህ፤ ሌላ የምትነካው የለምና። ሰው ግን እግሩ መሬት ላይ ስለሆነ ብረቱን ሲነካ እሱ ራሱ ለኃይሉ መመለሻ መንገድ ይሆናል። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት። እኔ ልጄን ያሳደግሁት የኤሌክትሪክ መንገድ እንዲሆን አይደለም።

ደግሞ ድምፅ የለውም አልኸኝ። አይግልም፣ አይቀላም፣ ከሌላው ብረት አይለይም። በጉና ላይ እንደሚጥለው ያለ በረዶ ሲጋገርበት ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እናንተም ወርዳችሁ ትፍቁታላችሁ። መብረቅ እንኳ እኛ አገር ደመናውን አጥቁሮ፣ አጉረምርሞ ነው የሚመጣው፤ ሰውም ከዛፍ ሥር ይሸሻል። ዝም ያለ ነገር ያስፈራኛል ልጄ። ዝም ያለ ውሻ መንከሱ አይቀርም።

ደብዳቤህን ከደብረ ታቦር ፖስታ ቤት በበቅሎ የሚያመጣልኝን ነጋዴውን አብዱልከሪምን ታውቀዋለህ። ድሬዳዋ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነውና ልቤን ሊያሳርፍልኝ ሞከረ። "ቄስ፣ ሐዲድ ምን ያደርጋል? እኛ ድሬዳዋ እየረገጥነው ነው ገበያ የምንወርድ። ባቡሩ ይምጣ አይምጣ ለማወቅማ ጆሯችንን እንለጥፍበት ነበር" አለኝ። እኔም ሦስት እንጨት መሬት ላይ ደርድሬ፣ "ሁለቱ የእናንተ ናቸው፤ ይሄኛውስ?" አልሁት። ትክ ብሎ አየው። "ሦስተኛ አላየሁም" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ጥጋቡም ሥራ የጀመረው ድሬዳዋ አይደል? ጆሮ መለጠፉን እዚያ ነው የለመደው" አለና አፉን በእጁ ያዘ። ምነው ባልተናገረ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን በከደንሁ ቁጥር ጎንበስ ስትል ነው የማይህ።

እንዲህ እንዳለሁ በጥር ደብዳቤ መጣ። ስሙ ያንተ፣ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው። "እጄን ትንሽ ቃጠሎ ነክቶኝ ስለሆነ የእስቴው የሥራ ጓደኛዬ ጸጋዬ እየጻፈልኝ ነው፤ አታስቡ" ይላል። ለሆሳዕና ሰሞን ሁለተኛው መጣ፤ እሱም የጸጋዬ እጅ ነው። "እየተሻለኝ ነው፤ ዐቢይ ጾምንም በደንብ እየጾምሁ ነው" ይላል። ጥጋቡ፣ አንተ የቄስ ልጅ ሆነህ፣ እዚህ አጠገቤ እያለህ እንኳ አንድ ሱባዔ ጨርሰህ አታውቅም! ያንተ ደብዳቤ ጠብ አያጣውም ነበር። ወይ ከእኔ ትከራከራለህ፣ ወይ ቤት ያከራየችህን ሴትዮ የድንች ቅቅል ታማለህ። እነዚህ ሁለቱ ግን ለስላሳ ናቸው፤ ማንንም አያሙም።

እንግዲህ ሥራዬን ታውቃለህ። በዚህ ደብር መርዶ የሚነገረው በእኔ አፍ ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት አስቀድመን "ትንሽ አሞታል" እናሰኛለን። ሰንበትበት ብለን "እየተሻለው ነው" እንላለን። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ የእናት ልብ ቀስ በቀስ እስኪለምድ ነው። ከዚያ አንድ ቀን በጎህ ሽማግሌ ይዘን ደጅ እንቆማለን። "ትንሽ" የምትባለዋን ቃል ስንት ቤት ይዣት ገብቻለሁ! አሁን በደብዳቤ ወደ እኔ ቤት ስትገባ እንዴት ልሳታት?

እንደ መጽሐፍ ተረጎምሁት። አንድም፣ እጅህ በእርግጥ ትንሽ ተቃጥሏል፤ ሲድን ትጽፋለህ። አንድም፣ እጅህ ጨርሶ ሄዷል፤ ልትነግረን ፈርተሃል። ሦስተኛውን ትርጓሜ ለእናትህ ለላቀች አልነገርኋትም። ላቀች ግን መጽሐፍ ሳትማር ቀድማኝ ደርሳበት ኖሯል።

ያወቅሁትም እንዲህ ነው። የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብከፍት አያ ዋለ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ቆሟል፤ ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል።

"እንደምን አደሩ አባታችን? ከብቱ ደህና ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ዝናቡስ ጣል አለላችሁ?"

እኔ መርዶ ስነግር የምጀምረው ልክ እንደዚሁ ነው፤ በከብቱ ገብቼ፣ በዝናቡ አልፌ። አያ ዋለም ከእኔ ጋር ስንት ደጅ የቆመ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ዘጭ አልሁ።

"ዋለ፣ አታዙረኝ። ብረቱ ነው?"

"የምን ብረት አባቴ?"

እናትህ ከጓዳ ሆና ይህን ሰማች። "ልጄን! ጥጋቡዬን!" ብላ ቀሚሷን ቀድዳ፣ ደረቷን እየደቃች ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ደረሰ። አያ ዋለ መሀል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፦ "ኧረ በመድኃኔዓለም! ኧረ እኛ ለጋብቻ ነው የመጣነ! ዓለምጸሐይን ለወገዳው ልጅ ለይርዳው ልንጠይቅ ነው የመጣነ!" ማን ይስማው።

ኋላ ነገሩ ሲገለጥ ከፊሉ ሰው ሳቀ፣ ከፊሉ አማተበ። እኔም ሳቅሁ። እናትህ ግን አላቆመችም። "ተይ እንጂ ላቀች፣ ሰው አልሞተ" ቢሏት፣ "ተዉኝ! ከጥር ጀምሮ ይዤው ነው የከረምሁ። አንዴ ከወጣ ልጨርሰው" አለች። እስከ ረፋድ አለቀሰች። ምስኪኗ እህትህ ልትዳር መሆኗን የሰማችው በዚያ ኡኡታ መካከል ነው። ለሽማግሌዎቹ "የወንድሟን ቃል ሳልሰማ አልሰጥም" ብዬ መልሻቸዋለሁ፤ እስከ መስከረም ሊታገሡኝ ተስማምተዋል። ስለ ይርዳው ያለህን አሳብ ጻፍልኝ፤ ብትፈልግ ስደበው፣ ብቻ አንተ ጻፍልኝ።

ልጄ፣ ረጅም አልጠይቅህም። አንዲት "ሀ" ትበቃኛለች። በግራ እጅህ ትሁን፣ ትጣመም፤ ጸጋዬ እጅህን ይዞ እንዳይረዳህ። እጅህ ከሌለም በጥርስህ ብዕር ነክሰህ ጫር አድርጋት። ጎዶሎ ሆነህ መምጣት አያሳፍርህ። እጅ የሌለው ልጅም ልጅ ነው፤ ማጉረስ እናትህ አልረሳችም።

ከዚህ በታች ያለው ለጸጋዬ ነው። ጥጋቡ፣ አንተ ካለህ አታንብበው፤ ካነበብኸውም በአባትህ ጅልነት ሳቅ።

ልጄ ጸጋዬ፤ የምትጽፍልን ከደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ያገራችን ወግ ነው፤ እኔም የኖርሁበት ነው። ግን ሞቶ ከሆነ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ አርባውም ሳይታሰብ አልፏል። አባቱ ቄስ ሆኖ ለስንቱ ሲፈታ ኖሮ የራሱ ልጅ ያለ ጸሎት ይቅር? መርዶዬን አትደብቅብኝ።

ሌላም የሚያስፈራኝ አለ። በጥቅምቱ ደብዳቤ "ብረቱ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት አይፈቀድም፤ ኃይሉ እስኪዘጋ መጠበቅ፣ ካልሆነም በደረቅ እንጨት መግፋት ነው" ብሎኝ ነበር። ጥጋቡ የወደቀ አይቶ ቆሞ እንጨት የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ እኛም እንዲያ አላስተማርነውም። ምናልባት የወደቅኸው አንተ ኖረህ እሱ እጁን የሰደደልህ ከሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህንን ንገረኝ። በእግዚአብሔር ስም አልቆጣህም። እንዲያ ከሆነ እጁ በከንቱ አልሄደም፤ ያተረፈው ሰው አለ፤ እሱም አንተ ነህ።

ስለዚህ አንተም ከዚያ ብረት ራቅ። አትርገጠው፣ አትሻገረው። ኃይሉ ተዘግቷል ቢሉህም ተለክቶ በዓይንህ ሳታይ አትመን። እናትህን ለፋሲካ ገበያ አግኝቻት ነበር። "ጸጋዬ ቢሮ ተቀምጦ ነው የሚሠራው" አለችኝ። እኔም "አዎ፣ ቢሮ ነው" አልኋት።

በቅዳሴ ጊዜ ስለ መንገደኞችና ስላንቀላፉት የምንጸልየው ለየብቻ ነው። ባለፈው እሑድ የጥጋቡ የክርስትና ስም አፌ ላይ መጥቶ በየትኛው ልጥራው ብዬ ዝም አልሁ። ዲያቆኑ የረሳሁ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በመንገደኞቹ ጠራሁት፤ የአንተንም አስከተልሁ። የክርስትና ስምህን ስለማላውቀው "ጸጋዬ" ብዬ ነው፤ ጻፍልኝ። እውነቱን እስክትነግረኝ ድረስ ሁለታችሁንም እዚያው ነው የምጠራችሁ።

እግዚአብሔር እጃችሁንም እግራችሁንም ይጠብቅ።

አባታችሁ
ቄስ ወልደ ገብርኤል