ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ ደብተር አምጣ ስለተባልኩ

ለተከበሩ ወይዘሮ ማርጎት ኤልስወርዝ
የቀድሞ ሠራተኞች ጤና ማጣሪያ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከትንፋሽ ማጠር በቀር ደህና ነኝ። ከቤቴ በር እስከ ፖስታ ሳጥኔ ሦስት ጊዜ አርፍ የነበርኩት ሰውዬ አሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማርፈው፤ ባለቤቴ ሳጥኑን ወደ ቤቱ አስጠግታዋለች።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ለአራት ደብዳቤዎቼ አንድ ዓይነት መልስ ስለሰጡኝ፣ ሌላ ሰው ቢያነበው ሌላ መልስ ይገኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ቬርን ስታድለር እባላለሁ። እኛ ሸለቆው በምንለው፣ የኒውክሌር ነዳጅ ይጣራበት በነበረው ረጅም የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክሬን ነድቻለሁ። ሕንፃው ሥራ ሲያቆም፣ ማንም የማይቀበለውን መርዛማ ቆሻሻ እዚያው ወለሉ ስር ባሉት ጉድጓዶች እንድንከት፣ ሲሚንቶ እንድንሞላና ክዳኑን እንድንገጥም ታዘዝን፤ ከተትን፣ ሞላን፣ ገጠምን። አሁን በላዩ አፈር ተቆልሎ ሳር በቅሎበታል። የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ባይኖር ሰው ለሽርሽር ይወጣበት ነበር።

አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩. ወደ ሠራተኞች የሳንባ ክሊኒክ ለመግባት ሸለቆው ውስጥ መሥራቴን የሚያሳይ የፈረቃ ደብተር እንዳቀርብ አዝዘውኛል። የደመወዝ ወረቀቴ ግቢውን እንጂ ሕንፃውን አይጠቅስም፤ ደረቴ ላይ እሰካው የነበረው የጨረር መለኪያ መዝገብም ከቢሮዎ ጠፍቷል። መጥፋቱን በትሕትና ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ሕክምናው በረዶ ከመጣሉ በፊት ካልተጀመረ በረዶው ሲቀልጥ ላላይ እንደምችል ነግሮኛል። ይህንኑ ለቢሮዎ ባመለክት ጉዳዬ በረዶው ከቀለጠ በኋላ እንደሚታይ ተገለጸልኝ። ስለ ፈጣን ምላሽዎም አመሰግናለሁ።

፪. ደብተሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ጉድጓድ ቁጥር አሥራ አራት ውስጥ ነው። አንድ ወፍራም ደብተር ነበር፣ ከክሬኑ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የማይነሳ፤ በየጠዋቱ ስሜንና የምከፍተውን ጉድጓድ ቁጥር እጽፍበት ነበር። ዕቃው ሁሉ ሲለቀም የጨረር መርማሪያችን ዶሎሬስ ኪንታና መሣሪያዋን ብታስጠጋበት ጩኸቱ አልቆም አለ። «ቬርን፣ ጣለው። በባዶ እጅህ ይዘኸው ነው እንዴ የቆምከው?» አለችኝ። «እንዲያውም ገጽ ስገልጥ ጣቴን ምራቅ አስነካለሁ» ብላት፣ በቀልዴ ሁሌ የምትስቀው ሴትዮ ያን ቀን አልሳቀችም። ደብተሩ በርሜል ውስጥ ገባ፤ በርሜሉን አንስቼ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ እጄን በእጄ። ሳላንኳኳ በማስቀመጤ ኮርቼም ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

፫. ዶሎሬስ የበርሜሉን የማስወገጃ ቅጽ ቅጂ ፈልጋ አገኘችልኝ። በተራ ቁጥር አርባ አንድ «የክሬን ፈረቃ ደብተር፣ አንድ፣ ለሰው ንክኪ አደገኛ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ያኔ የቆሻሻ ማስወገጃው ኃላፊ የነበሩት የእርስዎ ፊርማ አለ፤ ያማረ ፊርማ ነው። ይህንን ብልክ ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። «ቅጹ እኮ ደብተሩ መኖሩን እንጂ ውስጡ የማን ስም እንዳለ አያሳይም፣ አባባ። ደብተሩን ይዘው ይምጡና እናየዋለን» አለችኝ። በቅንነት ነው የተናገረችውና አልተቆጣኋትም።

ሕንፃውን ለማስከፈትም ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ወደዚያ የሚገባ ሰው የመተንፈሻ ጭንብል የሚችል ጤነኛ ሳንባ እንዳለው ማረጋገጫ ያቅርብ ተባልኩ። ጤነኛ ሳንባ ቢኖረኝ ደብተሩን ምን ላደርገው እፈልገው ነበር?

ክብርት ሆይ፣ ደብተሩና እኔ በዚያች ጠባብ ክፍል እኩል ዓመት ተቀምጠናል። እሱ አደገኛ ነው ተባለና ተቀበረ፤ እኔ ለጨረር መጋለጥህ አልተረጋገጠም ተባልኩና ቤቴ ተላክሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እርስዎን ግን በዚህ አላማም፣ እንቅልፍዎ የእውነት ሊሆን ይችላል። በበኩሌ በገዛ ክሬኔ የገጠምኩት ክዳን በእኔ ላይ የተገጠመ እየመሰለኝ ነው። እፈራለሁ፤ ይህንን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም፣ ከእርስዎ ጋር በጋዜጣ ታነበዋለች።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ደረት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአጭር ትንፋሽ ጋር እሰናበታለሁ።

ቬርን ስታድለር
በራሱ ቃል ክሬን ነጂ፣ በቢሮዎ ውሳኔ ግን መንገደኛ

ማስታወሻ፦ በእጄ የጻፍኩትን ዋናውን ደብዳቤ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ገጾቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ይጣበቃሉ፤ ሲገልጡ እንደ እኔ ጣትዎን ምራቅ ያስነኩ። በቢሮዎ ውሳኔ መሠረት የጻፈው እጅ ንጹሕ ነው። ጓንት ይፈልጉ እንደሆነ ግን ደብተሩን ማምጣት አያስፈልገኝም፤ ማስረጃው እርስዎ ጋ ደርሷል።