ድምፀ መልካሟ ገጀራ

ሐይቅ፣ ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዝናው የኋላሸት
መተማ፣ የምንጠራ ካምፕ

ልጄ ዝናው፣ እግዚአብሔር በዚያ ቆላ ከወባው፣ ከእባቡ፣ ከራስህም ይጠብቅህ። እዚህ ላይ «እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለስንቱ ጎረቤት ይህችን ቃል ስጽፍ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ ልጽፋት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። እናትህ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ለእኔ አቅርባ እሷ ሳትቀምስ ታነሣለች። እህትህ እየሩስ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ከዚህ የበለጠ ደህንነት አልመሰክርም።

ከካምፑ የተመለሰው ረዳ ደብዳቤህን ያደረሰኝ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው። በካርቶን ቅዳጅ ላይ የጻፍካትን አራት መስመር ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ በቃሌ ይዣታለሁ። «ፈንታሁን በእጄ ሞተ» ትላለህ። «የአገሬን አፈር ዳግመኛ አልረግጥም። ክረምቱን እዚሁ ካምፕ ከርሜ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ እሻገራለሁ። አባዬ፣ ያቺ ገጀራ ተሰብራለች፤ ጠንካራ እንጨት የሚችል ሌላ መርጠው በረዳ ይላኩልኝ።»

«መርጠው» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ከዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። የመጀመሪያዋን እኔ እንደገዛሁልህ ታውቃለህ። እንዴት እንደመረጥኳት ግን አልነገርኩህም። ማንም አያውቅም፣ ከኑርዬ በስተቀር።

በጥር፣ ለመንገድ ሦስት ቀን ሲቀራችሁ፣ አንተና ጓደኛህ ፈንታሁን ለካምፑ ላስቲክና ሸራ ጫማ ልትገዙ ደሴ ሄዳችሁ። እኔ ደግሞ ከገበያው ጥግ ኑርዬ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ቀጥቃጭ የሚወራውን ታውቃለህ። ተማርኩ የምለው ሰውዬ ከወሬው አልነጻሁምና ቁጭ በሉ ሲለኝ መቀመጥ ቀፈፈኝ፤ ቆሜ ነው የተገበያየሁት። ሁለት ገጀራ አወጣልኝ። አንዱ ጥቁር፣ ጀርባው ወፍራም፣ አፍንጫው የከበደ ነበር። ሌላዋ ሳሳ፣ ረዘም ያለች፣ የምታበራ ናት።

መቼም ልማድ ነውና ሁለቱንም በጥፍሬ መታ መታ አደረግኳቸው። እናትህ እንስራ ስትገዛ የምታደርገውን ማለት ነው። ጥቁሩ ድፍን አለ፣ እንደ እንጨት። ያቺኛዋ ግን ዘመረች ልጄ። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ሳይሰበር ጠፋ። ከተማሪዎቼ መካከል እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው አንድም የለም።

«ይቺን ነው የምወስደው» አልኩት።

«ተዉ መሪጌታ» አለኝ። «የእንጨት ብረት ዝምተኛ ነው። ይቺ ገና ከውሃው መውጣቷ ነው፤ እሳት ካልመለስኩላት እንደ ገል ነው የምትሆነው። ወይ ጥቁሩን ይውሰዱ፣ ወይ ለነገ ይምጡ።»

«ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማርኩ ሰው ነኝ ኑርዬ። የተሰነጠቀ ዕቃ እንዲህ አይጮህም።»

«የተሰነጠቀችስ አይደለችም። የምትሰነጠቅ ናት እንጂ።»

ሳቅሁበት። መልከ ጥፉውን ሊያሸክመኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያልኩ ስንቱን ተማሪ ስዘልፍ የኖርኩ እኔ፣ ጠምጥሜ ቆሜ፣ ያልተማርኩትን ላስተምር ቃጣኝ። በነጋታው ለመመለስም ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ። ይዣት መጣሁ፤ አንተም መታ አድርገህ ሰማሃት፣ ፈንታሁንም ሰማት። «መሪጌታ፣ እቺስ ማሕሌት ትቆማለች» ብሎ ያሳቀን ትዝ ይልሃል። እኔ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የሆነውን ረዳ ነግሮኛል፤ አብሯችሁ ስለነበር አንተ እንድትደግመው አልፈልግም። የደረቀ ግራር ስትመታ ብረቷ ከወገቧ ተቆርጣ እንደበረረች፣ ፈንታሁን ጭራሮ ሊያስር ካጎነበሰበት አንገቱን እንዳገኘችው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ትራክተር እስኪመጣ እንዳልቆየ፣ እዚያው እንደቀበራችሁት አውቃለሁ። ደሙን በነጠላህ ይዘህ እንደነበርም ሰምቻለሁ።

ወሬው እዚህ የደረሰው ከደብረ ዘይት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይዤ፣ በትከሻዬ ድንጋይ ተሸክሜ፣ እናቱ ለተብርሃን ደጅ ተንበረከክሁ። ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ያልመጣ ትልቅ ሰው የለም። አጎቱ አያሌው ከግድግዳው ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል። ለተብርሃን ከውስጥ አልወጣችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ሊያጣራ ብሎ «ለመሆኑ ብረቱ ከየት የመጣ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከገበያ» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ግን ልጄ፣ በዕድሜዬ ከዚያች ቃል የከፋ ነገር አልተናገርኩም። ያን ሰምቶ ሰው ሁሉ «እንግዲህ የልጁ እጅ ከባድ ነው፤ ዕድል ነው» እያለ ተነጋገረ። እኔም ድንጋዩን እንደተሸከምኩ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ያንተን እጅ ሲያከብዱት ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ አያሌውን፣ አንተ መጥተህ ቃልህ እስኪሰማ ድረስ እጁን እንዳያነሣ አስማሉት። እኔን ግን ማንም ምንም አላስማለኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ፣ አልመራም። ድምፄ ተዘጋ ብዬአቸዋለሁ። ማር ያመጡልኛል።

ደብዳቤህ ሲመጣ ነው የማይቻል የሆነብኝ። ልጄ ነፍሰ ገዳዩን አምኖ ዳግም ምረጥልኝ ብሎ ያዘዘ መሰለኝ። የገደለው እኔ ነኛ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ አንድ ሳምንት ቆየሁና ኑርዬ ዘንድ ተመለስኩ።

«ተሰበረች አይደል?» አለኝ።

«ተሰበረች።»

«ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። «ይቀመጡ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ወናፍ ስነፋለት ዋልኩ። ገበያተኛው ሁሉ አየኝ። ይየኝ።

አሁን የምጽፍልህን በደንብ ያዝ። ወደፊት ሌላ ሰው ምረጥልኝ ቢልህ ታውቀዋለህ። «ገጀራ በጆሮ አይመረጥም፣ በክንድ ነው» ይላል ኑርዬ። ይሄኛውን የሠራው ከአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። መኪና ተሸክሞ ዘመኑን ሲጎነበስና ሲቃና የኖረ ብረት መሰበር አያውቅም። ውሃ ካጠጣው በኋላ እሳት መለሰለት፤ ሲመልስለት ቀለሙ ከነጭ ወደ ገብስ፣ ከገብስ ወደ ወይን ጠጅ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰማያዊ ሊሆን ሲል አወጣው። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ክብደቱ ወደ አፍንጫው ስላደላ እጅህ አይለፋም፣ እሱ ራሱ ይወርዳል። እጀታው ወይራ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ዘልቆ በሁለት ሚስማር ተይዟል፤ ከግማሽ የሚቀር ብረት አንድ ቀን ተፈናጥሮ ይሄዳል። የእጀታው ጫፍ አበጥ ያለ ነው፣ በላብ እጅ እንዳያመልጥ። ስለቱንም እንደ ምላጭ አላሳሳውም፤ ካምፕ ውስጥ የሰው ጢም አትላጭም፣ ግንድ ነው የምትመታው።

በሁለት ድንጋይ መካከል ሰክቶ ቆሞበት አጎበጠው። ሲለቀው ቀጥ አለ። ከዚያ የደረቀ ወይራ አቀረበልኝና «ይምቱት» አለኝ። ሃያ ጊዜ መታሁት። ስለቱን በጣቴ አየሁት፣ አልተሸረፈም። በመጨረሻ እንደ ልማዴ በጥፍሬ መታሁት። ድፍን ነው፣ ምንም አይልም።

«አሁን ገባዎት» አለ ኑርዬ። ገብቶኛል። በሰው ነፍስ ገባኝ።

በማግስቱ ለረዳ ልሰጥልህ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ስመለስ በለተብርሃን ቤት በኩል አለፍኩ። ሌላ መንገድ ነበረኝ፣ ግን እግሬ ወሰደኝ። ከደጃፏ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በእግሯ ረግጣ፣ በአሮጌ ማጭድ ልትቆርጥ ትታገላለች። ማጭዱ ይንሸራተትባታል። እንጨቷን ይፈልጥላት የነበረው ፈንታሁን ነው፤ እኛም ይህን ሁሉ ወር ምን እንደምታነድ አንድ ቀን አልጠየቅንም።

ቆምኩ። ጨርቁን ፈታሁና ገጀራውን ከፊቷ መሬት ላይ አኖርኩት። ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥምና።

«ለተብርሃን፣ ያቺን የተሰበረችውን የመረጥኳት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሠሪው አትሆንም ብሎኝ ነበር። ድምፅዋ ስላማረኝ ወሰድኳት። ልጁ አያውቅም ነበር። ሽማግሌ ፊት የደበቅሁት ይሄን ነው።»

ማጭዱን እንደያዘች ቀና አለች። ብትመታኝ አልሸሽም ነበር። «ድምፅዋ ስላማረህ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ትምህርት እንደሚደግም ሰው። አንቱ ብላኝ የኖረች ሴት አንተ አለችኝ፤ ተገቢዬ ነው። ከዚያ ገጀራውን ሳታነሣው ገብታ በሯን ዘጋች። እኔው አንሥቼ ቅርንጫፏን ቆራርጬ ከደጅ ከመርኩላት።

አያሌውንም ሽማግሌዎቹንም ሰብስቤ ያንኑ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ አዘኑብኝ። አያሌው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ለእርቅ ይሁን ለሌላ ልነግርህ አልችልም። ሳልመረምር አምኜ መናገር ያስከተለውን አይተሃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ እፈልጥላታለሁ። ክንዴ ለመቋሚያ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም፤ እጄ ተልጦ ቆስሏል፣ ይሄን ደብዳቤ በሁለት ቀን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ገጀራውን ማምሻዬን እዚያው ደጃፏ ግንድ ላይ ትቼው እመጣለሁ። እሷ ግን እስካሁን ከፈለጥኩላት አንዲት ጭራሮ አላነደደችም። ኩበት ከጎረቤት ትለምናለች። ክምሩ የቤቷ መስኮት ላይ ሊደርስ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ወጣች። ከክምሩ አጠገብ ቆማ «መሪጌታ» አለችኝ።

«አቤት።»

«የመረጠውስ መጣ። የመታው የታለ?»

ገጀራውን ግንዱ ላይ አኖርኩት። «ፈንታሁን መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ከአንድ ሰው በቀር የሚነግረኝ የለም። እሱ መጥቶ እስኪነግረኝ ይሄ እንጨት አይነድም» ብላ ገባች።

ስለዚህ ዝናው፣ ረዳ ይህን ወረቀት ብቻ ነው የሚያመጣልህ። ከረጢቱን አትፈትሽ። ያዘዝከውን ገጀራ መርጫለሁ፣ መሆን የሚችለውን ያህል ጥሩ ነው፣ ግን አልላክሁልህም። እዚያ ብልከው ገዳሪፍ ይዞህ ይሻገራል። ደግሞ አንዴ መርጬ ሰጥቼህ የሆነውን አይተሃል።

ና ስልህ ምንም አይነካህም ብዬ አይደለም። አያሌው አለ፣ የሰው ዓይን አለ፣ የለተብርሃን ጥያቄ አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የትከሻህን ድንጋይ እኔ ልሸከምልህ እችላለሁ። ያንን መልስ ግን ልመልስልህ አልችልም፤ አልነበርኩማ። ክረምቱ ሲገባ የቆረጥኩት እንጨት እርጥበት ይበላዋል፣ እሷም ኩበት አታገኝም። ከሰኔ በፊት ና።

እናትህ ደብዳቤውን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ልጻፍልሽ ብላት «እጁ ደህና መሆኑን ጠይቅልኝ» አለች። እጅህ ደህና ነው ወይ ልጄ? እየሩስ ሰላም ብላሃለች።

የፈንታሁንን ነፍስ ከጻድቃኑ ጎን ያሳርፍልን። አንተን በመንገድህ መልአኩ ይቅደምህ፤ የተመኘኸው ሳይሆን የሚበጅህ ይድረስህ። እኔንም ይቅር በለኝ፣ ይቅር ባትለኝም ና።

ገጀራው ከለተብርሃን ደጅ፣ ግንዱ ላይ ነው። መጥተህ አንሣው።

አባትህ
መሪጌታ የኋላሸት