ከፊልሙ በታች ያለው ቀለም

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ቀላል ቀን። የአንድ ፒክአፕ የፊት መብራቶችና የበር እጀታ ሥር ከጠጠርና ከጭረት የሚከላከል ግልጽ ፊልም ማልበስ ብቻ። ከምሳ በፊት ጨረስን። አንዱን መብራት ረዳቴ እስከዳር ብቻዋን አለበሰችው፤ ቅንጣት አየር አልገባበትም። ስምንት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ጣት... ሌላ ምን ይጠበቃል? እኔ ዓረብ አገር፣ ሻርጃ ሳለሁ፣ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ በሰባት ወር። አልነገርኳትም፤ ትኮራብኛለች።

ከሰዓት አንድ ሰው ከደሴ ደወለ። ወንድምአገኘሁ እባላለሁ አለ።

«ስፖርት መኪና ታለብሳላችሁ?»

«እናለብሳለን።»

«እስቲ ባለቤቱን አቅርቢልኝ።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። ራቢያ እባላለሁ።»

ዝም አለ። ይቺን ዝምታ ለምጃታለሁ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መጣች። ያ ረቢ! ቀይ፣ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ ትንሽ የቀራት። ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ መኪና አይታ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ።

ወንድምአገኘሁ አርባ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኛት መኪና ናት። ከደሴ እዚህ ለመውረድ አንድ ሰዓት ፈጅቶበታል። ጠጠር እንዳይነካት ብሎ!

«ባጃጅ ሁሉ ቀደመኝ» አለ፤ ራሱም ሳቀ።

ኅዳር 6 አዲስ አበባ የስፖርት መኪኖች ትዕይንት አለ፤ እዚያ ይወስዳታል። ሳትለብስ ከሄደች ሐርቡ ከተማን ሳያልፍ ኮፈኑ በጠጠር ተመትቶ የፈንጣጣ ፊት ይመስላል። ልክ ነው። ግን ዓይኑ ወርክሾፑ ውስጥ ወንድ ይፈልጋል። አንዴ እኔን፣ አንዴ እስከዳርን፣ አንዴ በሩን...

«የፈለጉትን ቦታ ይምረጡ፤ እዚሁ ፊትዎ ላልብሰው» አልኩት።

ብልጥ ነው፤ የጎን መስታወቱን ጀርባ መረጠ። ከመኪናው ሁሉ ክብ የሆነውን። የሳሙና ውሃ ረጨሁ፣ ፊልሙን ዘረጋሁ፣ ውሃውን በትንሿ የጎማ መግፊያ ገፋሁ፣ ትንሽ ሙቀት... አርባ ደቂቃ። በጥፍሩ ጠርዙን ፈለገ። ዞረ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ።

«የት ነው የሚያልቀው?»

«ካገኙት ቁልፍዎን ይዘው ይሂዱ።»

ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ በታክሲ ሄደ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አጠብናት። ከዚያ የቀለም ውፍረት ለካሁ። ሁልጊዜ ከማልበሴ በፊት እለካለሁ፤ ሻርጃ የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ጣሪያው 115 ማይክሮን። በሮቹ 118፣ 116። የፋብሪካ ቀለም እንዲህ ነው።

ኮፈኑ ላይ 640።

መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ጣሪያውን ደግሜ ለካሁ። 115። ወደ ኮፈኑ ተመለስኩ። 640፣ 655፣ አንድ ቦታ 900። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለስኗል። በኮፈኑ የውስጥ ጠርዝ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ጥፍሬን ተጫንኩ። ምልክቱ ቀረ። ገና አልደረቀም! ይህ ቀለም ወር እንኳ አልሞላውም።

እስከዳር «ብናለብሰውስ? ላዩ እንደሆነ መስታወት ነው። ማን ያውቃል?» አለች።

«ከሥሩ ያለው ትነት መውጫ ያጣል። በሁለት ወር ውስጥ ቀለሙ ውሃ ይቋጥራል። ፊልሙ ሲነሳ ደግሞ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ያኔ ማን አበላሸው ይባላል?»

«ወይኔ ሰውዬው» አለች። እኔም እሱን ነበር የማስበው። እንዴት ነው የምነግረው? መቼም እንደዚያ ሲስቅ አይቼዋለሁ...

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ነገርኩት። በመሣሪያው እያሳየሁ፣ ቁጥሩን እያነበብኩ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ንክች ሳትደረግ ነው የገዛኋት። መሕሙድ በልጆቹ ምሎልኛል።»

መሕሙድ ያሻሻጠው ደላላ ነው። ጠራው፤ ወዲያው መጣ። መሣሪያዬን ዓይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ ማልበስ ካቃተሽ አቃተኝ በይ። የሰው ንብረት ስም አታጥፊ።»

«ጥፍርህን እዚህ ላይ ተጫን» አልኩት። አልተጫነም። ወንድምአገኘሁም አልተጫነም። እሱ እንኳ የፈራ ይመስለኛል። ቁልፉን አንስቶ «አዲስ አበባ አስለብሳታለሁ» አለና አስነሳት። ደህና ሁኚ እንኳ አላለም።

መሕሙድ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ብለሽ ብታለብሺው ምን ነበረበት?»

ያውቅ ነበር! ወላሂ ያውቅ ነበር።

አላለቀስኩም። ተናድጃለሁ እንጂ። ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ደሴ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጋሽ ብሩ ዘንድ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና ቀብተዋል። ከሻርጃ እንደተመለስኩ ቤት ሳላገኝ ሦስት ወር የጋራዣቸውን ግማሽ ለቀውልኝ ነበር። ፊልሜን «ላስቲክ» ይሉታል፤ ይስቁብኛል፤ ግን ኮምፕሬሰራቸውን አልከለከሉኝም። የደሴ ሹፌር ሁሉ ቃላቸውን ያምናል። አንዴ አይተው ቢመሰክሩልኝ ብዬ ነው።

አሮጌ በርሜል ላይ ተቀምጠው ቆርቆሮ ውስጥ ቀለም ያማስላሉ። ከስተዋል። ሳል ይዟቸዋል።

«ጋሽ ብሩ፣ አንድ መኪና መጥታልኝ ነበር...»

«ቀይዋ?» አሉ።

ቀይ ናት አላልኩም ነበር።

እሳቸውም ያን ጊዜ ገባቸው። ቀና አላሉም። ማማሰላቸውን ቀጠሉ። ወደ ቆርቆሮው ዓይኔን ጣል ባደርግ ቀለሙ ድሮ ደርቋል፤ የሚማሰል ነገር የለም።

«ሻይ ላስመጣልሽ ልጄ?»

«አይ፣ ልውረድ።»

ሚኒባስ ውስጥ ሁሉ ነገር ተገጣጠመ። ስቱኮው የተለሰነበት እጅ... እንዲያ ያለ ለስላሳ ጠርዝ ደሴ ላይ ከእሳቸው በቀር ማን ያወጣል? እንዴት እስካሁን ሳልጠረጥር?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ስማቸውን ብጠራ ዛሬውኑ ነፃ እወጣለሁ። አልጠራም። ትክክል ነኝ? አላውቅም። አልጠራም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ዘይኑልአቢዲን የሚባል ደንበኛ ለሰኞ ቀጠሮ ነበረው። ደውሎ «ለጊዜው ይቆይ» አለ። ሌላም አንድ ቀረ። መሕሙድ በሄደበት «ማልበስ አቅቷት መኪናውን ወነጀለች» ይላል አሉ።

እስከዳር «ወደ ፋብሪካ ልመለስ እንዴ?» አለችኝ፤ እየሳቀች። ሳቁ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም።

«አብሽሪ» አልኳት። «ያ ቀለም ራሱ ይናገራል። እኔ ልዋሽ እችላለሁ፤ ያልደረቀ ቀለም አይዋሽም።»

ይህን ስላት አምኜበት ነው። አሁንም አምናለሁ። ብቻ እስኪናገር ስንት ሰው ይቀርብኛል?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ይህን የምጽፈው በደስታ ይሁን በሐዘን...

ሦስት ሰዓት ገደማ ቀይዋ ደጃችን ቆመች። በግራ ወንድምአገኘሁ ወረደ። የቀኙ በር ግን ቶሎ አልተከፈተም። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የተቀመጠው ሰው መነሳት አቅቶት ይታገላል። ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ብሩ ናቸው።

ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ለወንድምአገኘሁ ነገሩት፤ መንገድ ላይ የነገሩት ቢሆንም እኔ ፊት ሊደግሙት ፈልገው ነው።

«ይህ ኮፈን የእኔ ሥራ ነው። ልጅቷ ያለችህ እውነት ነው። መሕሙድ መስከረም ላይ አመጣልኝ። በባቲ መንገድ ከገልባጭ መኪና ድንጋይ ወድቆባት ኮፈኑ ተጨርምቷል። ሁለት ሳምንት ስጠኝ አልኩት። 'አራት ቀን ብቻ' አለኝ። እሺ አልኩ።»

«እርስዎ? በአራት ቀን?» አልኩ። አመለጠኝ።

«ሐኪም ቀለም መርጨት ተው ካለኝ ሰንብቷል። ደረቴ አልቋል። ይህን ሰው ከሰማ ማን ያሠራኛል? ያገኘሁትን ያዝኩ።» ቆም አሉ። «ይኸው፣ ትናንት መናኸሪያ ስምሽን ሲያነሱ ሰማሁ። 'አታውቅም' እያሉ። እኔ ጥፋቱን ሠርቼ አንቺ ስትሰደቢ ቁጭ ብዬ መስማት አልሆነልኝም። የዚህ ሰው ቤት ሄድኩ።»

ወንድምአገኘሁ ወደ እኔ ዞረ። «የእሳቸው ሥራ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«ከረቡዕ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሰው ሁሉ እየሰደበሽ?»

«መናገሩ የእሳቸው ነበር።»

ጋሽ ብሩ ፊታቸውን አዞሩ። ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ሳል እንዲመስለን... ሳል አልነበረም።

ወንድምአገኘሁ ኮፈኑ ጋ ሄደ። በውስጥ ጠርዙ ጥፍሩን ተጫነ። የቀረውን ምልክት ብዙ አየው። ከዚያ መጥቶ «አፉ በይኝ» አለኝ። ሰው እያየ፣ ደጅ ላይ። አፉ አልኩት።

ቁርጡን ነገርኩት። ኮፈኑ እስከ ብረቱ ይላጣል። እንደገና ይቀባል። ከዚያ አንድ ወር ይደርቃል። ከዚያ በፊት ፊልም አላስነካውም።

«ኅዳር 6 ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ።»

መኪናዋን አንዴ ዞራት። ሌላ ሰው ያስቸኩላል፤ «እስቲ በሃያ ቀን» ይላል። እሱ «እሺ» አለ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ተቀባ! ስድስት ቀን ላጥን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸን፣ ድንጋይ የጨረመተውን በቀጭን ስቱኮ ሞላን። የረጨው አግማስ ነው፤ ድሮ ጋሽ ብሩ ያስተማሩት፣ አሁን የራሱ ጋራዥ ያለው። እሳቸው አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዛሉ። «ክንድህን እንጂ አንጓህን አታወዛውዝ!» አግማስ ፂም አብቅሏል፤ አሁንም እንደ ተማሪ «እሺ ጋሼ» ይላል።

ከሥራው ይልቅ እሳቸውን ሳይ ዋልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዙትን እጀታ ሌላ ሰው እጅ ላይ ማየት...

መሕሙድን ሽማግሌዎች ይዘውታል። የእሱ ነገር ከእኔ ወጥቷል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የትዕይንቱ ቀን። ወንድምአገኘሁ ከደሴ ወርዶ ወርክሾፓችን ውስጥ በቆመችው መኪናው ፊት ወንበር አስቀምጦ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ሻይ ጠጣ። «ትዕይንቱን እያየሁ ነው» አለ። እስከዳር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ወሩ ሞላ። ጥፍሬን ተጫንኩ። ምልክት የለም። ለካሁ፤ ከዳር እስከ ዳር 170 አካባቢ፣ ስቱኮው ባለበት እንኳ ከ240 አላለፈም። ጋሽ ብሩን ደውዬ ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

አለበስናት።

ከንጋቱ በሩን ዘጋን፣ ወለሉን በውሃ አራስን፤ የኮምቦልቻ ንፋስ ካስገባህ አቧራው ፊልም ሥር ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ገደል ነው። ኮፈኑ አንድ ወጥ ቁራጭ ነው። ሁለት ሰው በአራት ጥግ ይዞ እኩል ማውረድ አለበት። እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ እስከዳር አማተበች፣ አወረድነው።

አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስገፋ ታረጥባለች፣ ስትገፋ አረጥባለሁ። መሀሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ጠርዙን አጥፎ ወደ ውስጥ... ቀና ስንል ስምንት ሰዓት ሆኗል። የፊት ፓራውልቱን ነገ።

ስጨርስ ለእስከዳር ነገርኳት። እኔ ሁለት ዓመት እንደፈጀብኝ፣ እሷ በሰባት ወር እንደቻለችው። አልኮራችም። አለቀሰች።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ወንድምአገኘሁ ሐርቡ ድረስ ነድቶ ተመለሰ። ደጄ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። «ድንጋይ መታኝ!» አለ፤ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው። ተንበርክኮ የተመታበትን ፈለገ። ፊልሙ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ጭረት፤ ሙቅ ውሃ ባፈስባት ዓይኑ እያየ ጠፋች። ከሥሯ ቀለሙ እንዳለ ነው።

ዘይኑልአቢዲንም ዛሬ ደውሏል። ማክሰኞ ይመጣል።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ወርክሾፑን ስከፍት ጋሽ ብሩ በር ላይ ቆመዋል። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የወረዱት። ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የቀለም ነጠብጣብ የሌለበት ልብስ ለብሰው አይቼ አላውቅም።

«ይህ ነገር ሽታ የለውም አይደል?» አሉ። «ደረት አይነካም?»

«አይነካም። ውሃና ሳሙና ነው።»

«እንግዲያው አስተምሪኝ።»

እስከዳር በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። አንድ አሮጌ የመኪና ፓራፋንጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፊልም ቆረጥኩ። ጎማዋን ሰጠኋቸው። አያያዛቸው ያምራል፤ ያ ሁሉ ዓመት ቀላል አይደለም። ግን ቸኮሉ፤ ከጠርዙ ጀመሩ። መሀሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል አየር ቀረች። አይተዋታል። ቀና ብለው ምን እንደምል ጠበቁ።

በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። ማለፍ እችል ነበር። ጎበዝ ብል ማንም አይፈርድብኝም።

«ጋሽ ብሩ፣ ያንሱት። እንደገና ከመሀል።»

«እሺ» አሉና አነሱት።