ለዋርሳዬ፣ ስለገዛሁት ርካሽ ጠመንጃ

ውድ ቨርጂል፣

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ቤትህ ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ስለሆነ የሚጻፍም ነገር አልነበረንም። ይሄን ግን ፊትህን እያየሁ የምናገረው አይደለም።

ወንድምህን ሮይስን በቀበርን ማግስት መጥተህ ሦስቱንም ጠመንጃዎቹን መኪናህ ላይ ስትጭን እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር። «የአባታችን ናቸው ዊልማ፤ ላንቺ ምን ያደርጉልሻል?» አልከኝ። «ውሰድ» አልኩህ። ያን ቀን ቤቱን ነቅለህ ብትሄድም ውሰድ እልህ ነበር።

ምን እንደሚያደርጉልኝ ልንገርህ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ የአደን ወቅት በመጣ ቁጥር «እኔንም ይዘኸኝ ሂድ» እለው ነበር። «ለከርሞ፣ የኔ ቆንጆ» ይለኝና ካንተ ጋር ይሄዳል። ጫካ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ ሚስቱ አላውቅም። በዚህ ስቀናብህ ኖሬአለሁ። ይኸው ወጣልኝ።

ኅዳር፣ ዋናው የአደን ወር፣ ከአልጋ ሳልነሳ አለፈ። የቀረው የታኅሣሡ አደን ነበር፤ እሱ ደግሞ፣ እንደምታውቀው፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ ነው። የሽማግሌው ሃስኬል ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለራሴ። ርካሹን ያሳዩኝ።»

ሦስት ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ሰደፉ የሚያብረቀርቅ እንጨት ነው። «እሱን ተይው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው ነው።» ሁለተኛው የማነጣጠሪያ መነጽር አለው፤ ዋጋውም ያው የመነጽሩ ነው። ሦስተኛው ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ቧንቧውን ከኋላ የሚደፍነው ቡሎን ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ።

«ባሩድ ብረት ይበላል ልጄ። በተኮስሽበት ቀን ካላጠብሽው የዛገ ቧንቧ ነው የሚሆንልሽ። ለጀማሪ እጥበቱ የማያስቸግር ይሻላል፤ ቆንጆው ምን ያደርጋል?»

«ባሌንም እንዲሁ ነበር የመረጥኩት፣ ቆንጆውን ወንድሙን ትቼ።»

ሳቀ። እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሲሸኘኝ ግን ክንዴን ያዘኝ። «ያለሽ አንድ ጥይት ነው። ከሳትሽው አጋዘኑ ደህና ሰንብች ብሎሽ ይሄዳል። ካቆሰልሽው ግን… አደራ፣ እንዳታቆስዪ።»

አቆሰልኩ።

አደኑ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ጧት ነው፤ አንዲት እንስት አጋዘን ከዛፎቹ መሀል ወጣች። ተኮስኩ፤ ጭሱ ሁሉን ሸፈነው። ሲገለጥ የለችም። ደሟን ተከትዬ ወንዙ ዳር አገኘኋት። ወድቃለች፣ ትተነፍሳለች። ልደግማት ብዬ ባሩዱን ስቀዳ ጣቶቼ ደንዝዘው በረዶው ላይ ደፋሁት። ቢላዋ ይዤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አጠገቧ ተንበርክኬ ጠበቅኩ። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ረጅም ጊዜ ነው ቨርጂል። ሞት እንደዚያ እንደሚቆይ አላውቅም ነበር።

ተንበርክኬ ሳለሁ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ግንዱ ሮይስ ላይ ሲንከባለል አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። «ወዲያው ነው፤ ምንም አልተሰማውም» ብለህ ማልክልኝ። እስካሁን የቆምኩት እሷን ቃል ተደግፌ ነው። ስትምልልኝ ግን የሱሪህ ጉልበቶች በደም ርሰው ነበር። ወዲያው ለሞተ ሰው እንደዚያ አይንበረከኩም።

ስንት ደቂቃ ነበር? ያወራ ነበር? ስሜን ጠራ?

የመቃብሩ ድንጋይ በሚቀጥለው ወር ይተከላል። ከዚያ በፊት እውነቱን ጻፍልኝ። እችለው እንደሆነ አላውቅም፤ እንደማልችለው ነው የሚመስለኝ። ግን ያንን ብቻህን ይዘህ እዚያ ድንጋይ ፊት ከጎኔ አትቁም።

የወንድምህ ሚስት፣
ዊልማ