ቪንድ ላይ የወጣው ማሞቂያ

ቅዳሜ፣ የካቲት 13 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬም በረዶ ሲጥል ዋለ። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ የነበረው እድፍ ሰፍቶ ጠዋት ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ። ባልዲ ደቀንኩና ስዊድናዊውን ጎረቤቴን ጠራሁት። ከኮርኒሱ በላይ፣ ስዊድኖቹ ቪንድ የሚሉት ከጣሪያው ሥር ያለ ባዶ ቦታ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዟል።

"ሙቀቱ የጣሪያውን በረዶ እያቀለጠው ነው" አለኝ። "ውሃው አሸንዳው ጋ ሲደርስ መልሶ በረዶ ይሆንና መውረጃውን ይዘጋዋል። ከኋላ የሚመጣው ወደ ቤት ይገባል። ቪንድ መቀዝቀዝ አለበት።"

ማሞቂያውን ያስቀመጡት አባባ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከመጡ ጀምሮ፣ በረዶው ጣሪያውን ይደረምሰዋል ብለው እንቅልፍ የላቸውም።

"ምን አለ ሰውዬው?" አሉኝ።

ቋንቋውን አያውቁ፣ ብቻቸውን አይወጡ። እዚህ አገር በራሳቸው የሠሩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

"ማሞቂያው ባይኖር ጣሪያው ይወድቅ ነበር አለ" አልኳቸው።

"አላልኩሽም?" አሉ። ከመጡ እንዲህ ደስ ሲላቸው አላየሁም።

ቀስ ብዬ ልደብቀው አስቤ ነበር። ገበያ ደርሼ ስመለስ ማሞቂያው ካስቀመጥኩበት የለም። የሳሎኑም የለም። አሁን ይህን ስጽፍ ሁለቱም ከራሴ በላይ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል።