የጉኑኖ መንገድ እና ቀዩ ቦሎቄ

ወላይታ ሶዶ
መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ ለመምህር ኤርካሎ
ማጂ

አባዬ፣

ሬዲዮ ላይ ከዜና በፊት የምትመጣዋን፣ ቃል የሌላትን ሙዚቃ ስትሰማ «ይህቺ ግን የማን ናት?» ብለህ ታውቃለህ? ሁሉም ሰው ይጠይቃል። መልሱን ግን ማንም አይጠብቅም፤ ዜናው ይጀምርና ይረሳዋል። እኔ አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልረሳኋት አንዲት ሙዚቃ አለች። የማን እንደሆነችም አውቃለሁ። ሶዶ ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንድታውቅ አደርጋለሁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት፤ ይቅርታ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን። ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ትመጣለህ ብለን በር በሩን ስናይ ሰነበትን። እማዬ ከቅርጫው ያንተን ድርሻ ለብቻ አስቀምጣ በአራተኛው ቀን ለጎረቤት ሰጠችው። ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

አሁን የምሥራች፦ ሥራ ያዝኩ! ኮንትራት ነው፤ ግን ሥራ ነው። የከተማው ማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መሀል በሞንታርቦ የክትባቱንም፣ የማዳበሪያውንም፣ የጠፋ በሬንም እናገራለሁ። ኃላፊዬ ወይዘሮ ጽጌሬዳ «የተማርሽው ቁጥር፣ የምትሠሪው ወሬ!» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን ወር ሳይሞላኝ የራሴን ፕሮግራም አስፈቀድኩ። «ያለፉት ዓመታት አስር ምርጥ ክላሲካሎች» ይባላል። ሰው የወደዳትን በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ እኔ እቆጥራለሁ፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያልኩ ከአስረኛዋ ወደ አንደኛዋ እወጣለሁ።

ለምን ይህን ፕሮግራም እንደመረጥኩ አንተ ገብቶሃል። ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን ዘጠኝ ዓመትህ ሆኖ፣ ከሰው ወገብ በታች ቆመህ አላየኸውምና እኔ ልንገርህ።

በ1987 ጋሽ ቸርነት ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ በጠመኔ «የሳምንቱ አስር ምርጥ ክላሲካሎች» ብሎ ይጽፍ ነበር። ዘፋኝ የሌለበት ሁሉ ለሶዶ ሰው ክላሲካል ነው፤ ሳክስፎኑም፣ ኦርጋኑም፣ የፈረንጁ ፒያኖም። ስማቸውን ማን ያውቃል? ሰሌዳው ላይ የሚወጣው «የዜናዋ»፣ «የሎተሪው»፣ «ያቺ የምታስለቅሰው ሳክስፎን»፣ «ፈረንጁ በፉጨት» ነበር። ከሰሌዳው ሥር አስር የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ይደረደራሉ። ካሴት ያስቀዳ ሁሉ ከጋሽ ቸርነት እጅ አንዲት ነጭ ቦሎቄ ይቀበልና በወደደው ቆርቆሮ ይጥላል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮዎቹ በገበያው ፊት ሰፌድ ላይ ይገለበጡና ይቆጠራሉ፤ አንደኛ የወጣችው በሞንታርቦ ትለቀቃለች። የቅቤ ሻጮቹ ሳይቀሩ ሚዛናቸውን ትተው ይሰሙ ነበር።

ከአስሩ መሀል የራሷ ስም የነበራት ያንተዋ ብቻ ናት፤ «የጉኑኖ መንገድ»። እማዬን ለማየት ከሶዶ ጉኑኖ በእግርህ ስትመላለስ ያወጣሃት፣ በአኮርዲዮን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተው «ዓለማዊ ትጫወታለህ አሉ» ሲሉህ የመለስክላቸውን እማዬ አሁንም ታወራዋለች። «ቃል የላትም። ቃል ከሌላት ኃጢአቷ የቱ ላይ ይጻፋል?» አንደኛው ሽማግሌ «መንገዷ ወደ ሴት ነው ይባላል» ቢልህ፣ «አግብቻታለሁ እኮ!» አልክ። ሳቁና ለቀቁህ።

ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነች። ከሥሯ ግን የሰብስቤ ኦርጋን እየተሳበ መጣ፤ ሰብስቤ የጋሽ ቸርነት ሚስት ወንድም፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ኦርጋን ሰው እንዳይነካበት በአንሶላ የሚሸፍነው። በሰባተኛው ቅዳሜ ያንተ ቆርቆሮ ሰፌዱ ላይ ሲገለበጥ፣ ከነጩ ቦሎቄ መሀል ቀይ ፈሰሰ። ብዙ ቀይ። ገበያው ሳቀ። ጋሽ ቸርነት ማይኩን አንስቶ፣ «ሰዎች! መምህር ኤርካሎ ከማሳው ድምፅ አጭዶ መጥቷል! ጉኑኖ ከነመንገዷ ቆርቆሮ ውስጥ ገብታለች!» አለ።

ሦስት ቅዳሜ ደገመው። ስምህን ከሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ካሴትህን አንስቶ የሰብስቤን ኦርጋን ቀዳበት፤ ያለህ አንድ ዋና ካሴት፣ ሱቁ ውስጥ በአደራ ያስቀመጥከው። ተማሪዎችህ ጠረጴዛህ ላይ ቀይ ቦሎቄ እየደረደሩ ይጠብቁህ ነበር። እኔን ከትምህርት ቤት እስከ ቤት «ቀይ ቦሎቄ! ቀይ ቦሎቄ!» እያሉ ይሸኙኝ ነበር። በመስከረም ዝውውር ጠይቀህ ማጂ ሄድክ። «ለሁለት ዓመት ነው» አልከኝ።

አባዬ፣ ስታትስቲክስን ለምን መረጥሽ ሲሉኝ «ሥራ አለው» እላለሁ። ውሸት ነው። ማንም አላግባብ ቆጥሮ ሊያሸንፈኝ የማይችልበትን ትምህርት ፈልጌ ነው። ሐምሌ ላይ ጋውን ለብሼ ስሜ ሲጠራ፣ ሰው ሁሉ ወላጁን ሲፈልግ፣ እኔ ጋሽ ቸርነትን የማዋርድበትን ቀን እያሰብኩ ነበር። ፕሮግራሙ ሲፈቀድልኝ እቅዴም ተዘጋጀ፤ ለፕሮግራሙ የመጨረሻ ቀን የክብር እንግዳ አድርጌ እጠራዋለሁ፣ ኮቱን አስተኩሶ ይመጣል፣ እኔ በሕዝብ ፊት «የመምህር ኤርካሎን ካሴት ማን አጠፋው?» እላለሁ። ሲንተባተብ ሞንታርቦው ያጎላዋል። እማዬ «ተይው፣ እግዚአብሔር ይፈርዳል» ብትለኝ፣ «እሱ ይፍረድ፤ እኔ ማይኩን ብቻ ነው የምይዝለት» አልኳት።

ባለፈው ሐሙስ ሱቁ ሄድኩ። አሁን የሚሸጠው የሞባይል ሽፋንና ቪሲዲ ነው። ድሮ ሰሌዳውንና ቦሎቄ የሰጣቸውን ሰዎች ስም በየሳምንቱ የሚጽፍበት ደብተር ነበረውና እሱን ልዋስ፣ ግብዣውንም ልሰጠው ነው የሄድኩት።

ገና ከበሩ፣ «ቀይ ቦሎቄ፣ መጣሽ?» አለኝ። በዚያ ዕድሜው!

«ስሜ ኢየሩሳሌም ነው፣ ጋሽ ቸርነት።»

«አውቃለሁ። ይህን ስም ላለመጥራት ነው አስራ ሦስት ዓመት አፌን የያዝኩት።»

«አፍዎን? እርስዎ? የሶዶ ገበያ በሙሉ ምስክሬ ነው!»

መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወረደ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ያንተ የሙዚቃ ስም ግን ይነበባል። ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። ቀይ ቦሎቄ፣ ግማሹን ነቀዝ በልቶታል።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው» አለኝ። «በመስኮት አይቼሻለሁ። የዩኒፎርምሽን ኪስ ስትገለብጪ።»

አዎ፣ አባዬ። እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ማታ እማዬን «ሰብስቤ ሊደርስብኝ ነው» ስትላት ሰማሁ። አልሳቅክም። አንተ ሳትስቅ ቤቱ ይጨልምብኝ ነበር። በማግስቱ ከጉኑኖ ከመጣልን ጆንያ ሁለቱን ኪሴን ሞላሁ። ቦሎቄ ቦሎቄ ነው ብዬ ነው፤ ቀለሙ እንደሚናገር ማን ነገረኝ? ቅዳሜ ሰፌዱ ላይ ሲፈስ ሮጬ ቤት ገብቼ አልጋ ሥር፣ የአኮርዲዮኑ ሳጥን አጠገብ ተኛሁ። አንተ መጥተህ «ማን ነው?» እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላልከኝም። በበነጋታውም አላልከኝም። አያውቅም ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለኝን ጥላቻ ሁሉ ለጋሽ ቸርነት ሰጠሁት፤ ለእኔ ምንም እንዳይተርፍ።

እሱ ግን ቀጠለ። «ዓርብ ማታውኑ ቤታችሁ መጣሁ። አባትሽን ደጅ ጠርቼ ነገርኩት። 'ልጅቷን አትጥራ' አለኝ። 'ሙዚቃዋን ራሱ ከውድድሩ አስወጣት በል፣ ቆርቆሮውንም አትገልብጥ። ይህ የማይሆንልህ ከሆነ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርግ።' እሺ አልኩት። ቃል ገባሁ።»

«ታዲያስ?»

«ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ሰብስቤ ከጎኔ ቆሟል። ማይኩ እጄ ላይ ነው። ማይክ ሰው ያሰክራል፣ ልጄ፤ አንቺም ይዘሽዋል፣ ታውቂያለሽ። ግን ግማሹን ጠብቄያለሁ። ያንቺን ስም አልጠራሁም።»

«ሌላውን ግማሽ አባቴ ተሸክሞት ማጂ ሄደ» አልኩት።

«ካሴቱንስ ለምን አጠፉት?» አልኩት። «ተቆጥቼ ነበር» አለ። ለምን እንደተቆጣ ግን ማብራራት አቃተው፤ ጥፋቱን ያየው እሱ፣ የዋሸው እሱ፣ የተቆጣው እሱ!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተም ተናድጃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሁለት ኩርኩም ይበቃኝ ነበር። አንተ ኩርኩሙን ተውክና ራስህን ቀጣህ፤ እኔን አብረህ፣ እማዬንም አብረህ። በየክረምቱ ለአምስት ቀን መጥተህ ጭንቅላቴን ስትዳብሰኝ ታውቅ ነበር። እኔም የሠራሁትን አውቅ ነበር። ሁለታችንም ስለ ፈተና ውጤት እናወራ ነበር።

ግን ቂሜ ቀዘቀዘ ብለህ እንዳትደሰት። አልቀዘቀዘም። ጋሽ ቸርነት ትናንት ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቤት መጥቶ ነበር። «በዕርቅ እንጨርሰው፣ በጓዳ» አለ። እማዬ ወንበር አቀረበችላቸው። እኔ ቆሜ፣ «የተዋረደው በሞንታርቦ ነው፤ ዕርቁም በሞንታርቦ ይሆናል» አልኩ።

«ልታዋርጂኝ ነው?» አለ።

«አዎ። ከራሴ ቀጥዬ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጋሽ ቸርነት ባርኔጣውን አንስቶ «እመጣለሁ» አለ። ኮቱን ያስተኩስ።

ጥቅምት 22 ቅዳሜ ነው የመጨረሻው ቀን። መጀመሪያ እኔ «ቀዩ ቦሎቄ የእኔ ነበር» እላለሁ፤ በወላይትኛም በአማርኛም፣ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። ከዚያ ማይኩን ለእሱ ሰጥቼ ዝም እላለሁ። የጀመረውን ይጨርሰው። ካልጨረሰ፣ ዝምታውን ገበያው ሁሉ ይስማው። የቅቤ ሻጮቹም፣ እነዚያ ጠረጴዛህ ላይ ቦሎቄ የደረደሩትም፤ ዛሬ ግማሾቹ ራሳቸው አስተማሪ ሆነዋል፤ ሁለቱ አጠገቤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አሁን ስለ ቆጠራው። ሳጥኑ ዓርብ ዕለት ተዘጋ። ሰዉ አልረሳህም፤ «ያቺ የመምህሩ»፣ «ያቺ የአኮርዲዮን የጠፋችው»፣ አንዱ ደግሞ «ጉኑኖ ድረስ በእግር የምታስኬደው» ብሎ ጽፏል። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። «የዜናዋ» አንደኛ ናት፤ ያንተዋ በአንድ ድምፅ ተበልጣ ሁለተኛ። በአንድ! ወይዘሮ ጽጌሬዳ «የራስሽን ጣይበትና እኩል አድርጊያቸው እንግዲህ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። እኔ ድሮ ከድርሻዬ በላይ ጥያለሁ።

ሌላው ችግር ደግሞ የምለቀው ካሴት የለኝም። ሻንቶ የሚኖር አንድ ሰው ቅጂው አለው ተብሎ ሄድኩ፤ ቴፑ ጎርሶበት ክሩን ለልጆቹ መጫወቻ ሰጥቶታል። ጉኑኖም ጠየቅሁ፤ ሁሉም በአፋቸው ያንጎራጉሯታል፣ ሁሉም እየተሳሳቱ። አኮርዲዮኑ ግን እዚሁ ነው። እማዬ በየጊፋታው ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች። ከሳጥኑ ስታነሳው በራሱ ይከፈትና አንድ ወፍራም ድምፅ ያወጣል። «ተንፍስ፣ ተንፍስ» ትለዋለች። ዘንድሮም አለችው፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። የጎደለው ጣት ብቻ ነው፣ አባዬ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ። የማጂ ጭቃ ይለፍህ፣ መኪናው በሰላም ይድረስልህ። እማዬ «ሹራቡን ይልበስ» ብላለች፤ ሌላ የምትለውን አልነገረችኝም፤ ስጽፍ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ወረቀቱን እያየች ነው።

በፖስታው ጥግ አንዲት ነጭ ቦሎቄ ታገኛለህ። ከጋሽ ቸርነት እጅ ተቀብዬልሃለሁ፤ በደንቡ መሠረት፣ ለአንድ ሰው አንዲት። በዚያ ሁሉ ሳምንት አንተ ራስህ አንድም ቀን እንዳልጣልክ ከደብተሩ አይቻለሁ። ይህቺ ያንተ ድምፅ ናት። ለፈለግካት ጣላት፤ ለዜናዋም ቢሆን አልከፋም። ለእሷ ስል የተዘጋውን ሳጥን እስከዚያ ቀን በአዋጅ አስከፍቼዋለሁ።

ትመጣ እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ። ቦሎቄዋን ግን በፖስታ እንዳትመልሳት፤ በእጅህ ይዘሃት ና።

ልጅህ
ኢየሩሳሌም ኤርካሎ
(ቀይ ቦሎቄ)